የተቃጠለውን ካርቦን በብርሃን ወደ ነዳጅ መመለስ

ስለ አንድ ነጭ ዱቄት ልንገራችሁ። ስሙ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው እሱ ነው፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል፤ ከፀሐይ በሚከላከሉ የቆዳ ቅባቶች ውስጥም አለ። በ1979 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኢኖዌ፣ ፉጂሺማ፣ ኮኒሺና ሆንዳ የተባሉ አራት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይህንና መሰል ዱቄቶችን ውሃ ውስጥ በትነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየነፉበት ኃይለኛ መብራት አበሩበት። ውሃው ውስጥ ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዴሃይድ፣ ሜታኖል፣ ጥቂትም ሜቴን አገኙ። ሜታኖል ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሜቴን ምድጃ ላይ ይነዳል። ነዳጅ ተቃጥሎ የሚወጣው ጋዝ በብርሃን ኃይል ተመልሶ ነዳጅ ሆነ ማለት ነው። ውጤቱ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ታተመ።

ታዲያ ይህ ከታወቀ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ዛሬም ነዳጃችን ከምድር ሆድ የሚቀዳው ለምንድን ነው? መልሱ ከግኝቱ እኩል ደስ ይላል፤ ተከተሉኝ።

ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጀምር። ይህ ጋዝ የካርቦን አመድ ነው። እንጨቱም፣ ከሰሉም፣ ቤንዚኑም፣ የበላነው እንጀራም ሰውነታችን ውስጥ፣ ኃይሉን ሰጥቶ ሲጨርስ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው እሱ ነው። አመድ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ክብሪት ብትጭሩ አይነድም፤ ያለውን ሰጥቶ ጨርሷል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ነው። አንዱ የካርቦን አቶም በሁለት ኦክስጅኖች መካከል ቀጥ ባለ መስመር ጥብቅ ተደርጎ ተይዟል። ወደ ነዳጅ ለመመለስ፣ ሲቃጠል የወጣው ኃይል ሁሉ ተመልሶ መከፈል አለበት፤ በሥራው መካከል የሚባክነው ሲጨመርበት እንዲያውም ከዚያ በላይ። ከዚህ ሕግ ማንም አያመልጥም። ስለዚህ «ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ሠራን» የሚል ሁሉ ኃይሉን ከየት እንዳመጣው መናገር ይጠበቅበታል።

ቅጠል ኃይሉን ከፀሐይ ያመጣል። እኛም ለምን አናመጣም የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ጃኮሞ ቻሚቻን የተባለ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት በ1912 ኒውዮርክ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ቆሞ፣ የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰልን ትቶ ኬሚስትሪውን በቀጥታ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራበት ጊዜ መምጣት እንዳለበት ተናግሮ ነበር። የዓለም ሙቀት መጨመር የማንም ስጋት ባልነበረበት ዘመን! ቅጠልን አክብረን ግን አቅሙንም እንወቅ፤ አብዛኛው የእርሻ ሰብል በዓመት ውስጥ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል በአካሉ የሚያስቀምጠው አንድ በመቶ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። ተወዳዳሪው የማይደረስበት ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ዱቄቱ ውስጥ እንግባ። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ተጨማሪ ሥራ አለው፤ ብርሃኑን የሚቀበለውም እሱው ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ከሶላር ፓነሉ ሲሊከን ጋር አንድ ወገን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ታስረው የሚቀመጡበት ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ አለ፤ እንደ ልባቸው የሚንቀሳቀሱበት ከፍተኛ ደረጃ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድም ኤሌክትሮን ሊቆምበት የማይችል ክፍተት አለ። በቂ ኃይል ያለው የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን የሚባለው፣ ሲያርፍበት አንድ ኤሌክትሮን ክፍተቱን ዘልሎ ይወጣል። በነበረበትም ባዶ ቦታ ይቀራል። ኤሌክትሮኑ የሚቀበለው ይፈልጋል፤ ባዶ ቦታው የሚሞላው ይፈልጋል። ኤሌክትሮኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ከደረሰ የነዳጁ ሥራ ይጀመራል፤ ባዶ ቦታው ከውሃ ኤሌክትሮን ከነጠቀ ኦክስጅን ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ገብተው ነዳጅና ኦክስጅን ወጡ፤ ቅጠል የሚሠራውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ከላይ ስማቸውን የጠራሁት ፉጂሺማና ሆንዳ ናቸው። አኪራ ፉጂሺማ በ1967 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በመምህሩ በኬኒቺ ሆንዳ ሥር ሆኖ፣ ውሃ ውስጥ በነከረው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ብርሃን ሲያበራ አረፋ ሲወጣ አየ። ውሃው ተሰንጥቆ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየሆነ ነበር። በ1972 ኔቸር ላይ አሳተሙት፤ በዓመቱ የነዳጅ ቀውስ መጣና ዓለም ሁሉ ፊቱን ወደዚህ አዞረ። በ1978 ደግሞ እስራኤል ውስጥ፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሬሆቮት ከተማ፣ የዋይዝማን ተቋሙ ማርቲን ሃልማን ጋሊየም ፎስፋይድ በተባለ ሴሚኮንዳክተር ላይ ብርሃን አብርቶ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዴሃይድና ሜታኖል አገኘ። የጃፓኖቹ ዱቄት የተከተለው በዓመቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ችግሮቹ። ምርምሩ ልብ የሚሰቅለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የክፍተቱ ስፋት ነው። የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ሊሻገረው የሚችለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ነው። መሬት ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ የዚህ ብርሃን ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው፣ ዓይናችን የሚያየውም የሚያሞቀንም ጭምር፣ ለዱቄቱ ምንም አይፈይድለትም። ነጭ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ የሚታየውን ብርሃን ሁሉ መልሶ ይረጨዋል። ክፍተቱ ጠበብ ያለ፣ ቢጫ ቀለም ያለው ካድሚየም ሰልፋይድ የሚባል አለ፤ የሚታየውን ብርሃን ይቀበላል። ችግሩ፣ የሚፈጠረው ባዶ ቦታ ከውሃ ይልቅ የራሱን ሰልፈር ማጥቃት ይቀለዋል። ብርሃን በበዛለት ቁጥር ራሱን ይበላል። ለነዳጅ ሥራ ኃይሉ የሚበቃ፣ የፀሐይን ብርሃን በብዛት የሚቀበል፣ ውሃ ውስጥ ለዓመታት የማይበላሽ፣ ርካሽም የሆነ ንጥረ ነገር ገና እየተፈለገ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የዘለለው ኤሌክትሮን የማንንም እጅ ሳይነካ ወደ ባዶ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። በሰከንድ ቢሊዮንኛና ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። የብርሃኑ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎች በዱቄቱ ቅንጣቶች ላይ የፕላቲነም ወይም የመዳብ ነጠብጣብ የሚያስቀምጡት አንድም ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ወደዚያ ተስቦ ከባዶ ቦታው እንዲርቅ።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ መስጠት እጅግ ከባድ ነው። ያ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ሞለኪዩል ኤሌክትሮኑን ሲቀበል መጉበጥ አለበት፤ መጉበጡ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮን ለብቻው ያን ያህል ኃይል የለውም። ሁለት ኤሌክትሮኖች ከሁለት ፕሮቶኖች (ኤሌክትሮናቸውን ካጡ የሃይድሮጅን አቶሞች) ጋር አብረው ቢመጡ ግን የሚጠየቀው ኃይል በብዙ ይቀንሳል፤ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ፎርሚክ አሲድ ይሠራል። ለሜታኖል ስድስት ኤሌክትሮን ያስፈልጋል። ለሜቴን ስምንት። ብርሃን ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን የሚሰጠን አንድ ባንድ ነው፤ አንድ ፎቶን፣ አንድ ኤሌክትሮን። ስምንቱ እስኪሰበሰቡ የጀመረው ሞለኪዩል ካታሊስቱ ላይ ተይዞ መቆየት አለበት፤ በመካከል ካመለጠ ሥራው ሳይጠናቀቅ ቀረ ማለት ነው። ጥሩ ካታሊስት እንግዲህ ብርሃን ከመቀበል አልፎ የጀመረውን እስኪጨርስ የሚይዝ፣ ሲጨርስም የሚለቅ መሆን አለበት። በጣም አጥብቆ ከያዘ ራሱ ይታፈናል፤ አላልቶ ከያዘ ያመልጠዋል።

መዳብ ታዋቂ የሆነው በዚህ ልኩ ነው። የጃፓኑ ዮሺዮ ሆሪና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ፣ በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሪክ እየሠሩ፣ መዳብ ከሌሎች ብረቶች ተለይቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እስከ ሜቴንና ኤትሊን ድረስ እንደሚያደርስ አሳዩ። ወርቅና ብር ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ያቆማሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የምንሠራበት ተራ ብረት ወርቅ ያልቻለውን ቻለ። ብዙ የብርሃን ካታሊስቶች ውስጥ መዳብ ተጨምሮ የምታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ላይ ውሃ ራሱ ተቀናቃኝ ነው። ከውሃው ፕሮቶኖች ሃይድሮጅን መሥራት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ከመሥራት በጣም ይቀላል። በተራ ሙቀትና ግፊት ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብታስገቡበት እንኳ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 1.5 ግራም ገደማ ነው። በቁጥር ሲሰላ ከ1,600 በላይ በሆኑ የውሃ ሞለኪዩሎች መካከል አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪዩል ማለት ነው። ካታሊስቱ ያን አንዱን መርጦ እንዲያገኝ ነው የምንጠይቀው።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? በዚህ መስክ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ የምታዩት መለኪያ ብዙ ጊዜ ማይክሮሞል ነው። አንድ ግራም ዱቄት በሰዓት 10 ማይክሮሞል ሜቴን ይሰጣል እንበል፤ በዱቄት ሥራ የተለመደ ዓይነት ቁጥር ነው። በክብደት 0.16 ሚሊግራም ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ፀሐይ አግኝቶ አንድ ኪሎ ሜቴን እንዲሰጠን 780 ኪሎ ያህል ዱቄት፣ ያውም እያንዳንዱ ቅንጣት ብርሃን እያገኘ፣ ያስፈልገናል። ነዳጅ ማደያ ያልደረሰው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

ቁጥሩ ማነሱ ሌላ መዘዝ አለው፤ እንዲያውም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው። የምትለኩት ነገር እንዲህ ጥቂት ሲሆን ከየትም ሊመጣ ይችላል። ካታሊስቶቹ ሲሠሩ ካርቦን ያለባቸው ኬሚካሎች ይገባባቸዋል፤ ከታጠቡና ከተቃጠሉ በኋላም ትንሽ ካርቦን ላያቸው ላይ ይቀራል። ብርሃን ሲበራ ያ ቅሪት ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ሜቴን ሊሰጥ ይችላል። ተመራማሪው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ የሠራ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን ከእድፍ ነው። በ2010 ከኔዘርላንድስና ከታይዋን የመጡ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱ አንዱ ጊዶ ሙል ነው፣ ይህን በግልጽ አሳዩ። ያደረጉት ቀላልና ብልህ ነበር። በተፈጥሮ ካለው ካርቦን 1 በመቶ ገደማው ካርቦን 13 የሚባል ከበድ ያለ ዓይነት ነው። ካርቦኑ ይህ ከባዱ ዓይነት ብቻ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገቡና መዳብ የተጨመረበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ብርሃን አበሩ። ምርቱ ካስገቡት ጋዝ የመጣ ቢሆን ከባዱን ካርቦን ይዞ መውጣት ነበረበት። ዋናው ምርት ግን ተራው፣ ቀላሉ ካርቦን ያለበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ተገኘ። ካርቦኑ የመጣው ካታሊስቱ ላይ ከነበረው ቅሪት ነበር። ለጽሑፋቸው ርዕስ ሲሰጡ፣ ይህ ሁሉ ነገር ሐቅ ነው ወይስ ፈጠራ ብለው በጥያቄ ጠየቁ። የራስን መስክ እንዲህ ፊት ለፊት መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ እንደማምነው ለመስኩ ከብዙ አዳዲስ ዱቄቶች የበለጠ የጠቀመው ይህ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛም ማታለያ አለ። ከውሃ ኤሌክትሮን መንጠቅ ከባድ ስለሆነ፣ ብዙ ሙከራዎች ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚሰጥ ሌላ ኬሚካል ይጨምራሉ፤ ትራይኤታኖላሚን አንዱ ነው። ኬሚስቱ ዣን ማሪ ሌን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስትራስቡርግ ውስጥ ሬኒየም ባለበት ሞለኪዩል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የቀየረበት ታዋቂ ሥራም እንዲህ ዓይነት ረዳት ነበረበት። አንድን እርምጃ ለይቶ ለማጥናት ይህ ተገቢ ዘዴ ነው። ነዳጅ ለማምረት ግን አይሆንም፤ ውድ ኬሚካል እያጠፋችሁ ርካሽ ነዳጅ ትሠራላችሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሲያጋጥማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ካርቦኑ ከየት መጣ? ኤሌክትሮኑስ ከየት መጣ? የመጀመሪያው መልስ «ካስገባነው ጋዝ፣ በከባድ ካርቦን አረጋግጠናል»፣ የሁለተኛው ደግሞ «ከውሃ፣ የወጣውን ኦክስጅንም ለክተናል» ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እንዲህ ያሉ ሥራዎች አሉ፤ እየበዙም ነው።

ካምብሪጅ ያለው የኤርቪን ራይዝነር ቡድን ሥራ ከእነዚህ አንዱ ነው። እነርሱ ሁሉንም ሥራ በአንድ ቅንጣት ላይ ከመጫን ይልቅ ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ብርሃን ተቀባይ፣ ቢስመዝ ቫናዴት፣ ከውሃ ኦክስጅን ያወጣል፤ ሌላው፣ ፔሮቭስካይት የሚባለው፣ ከኮባልት ካታሊስት ጋር ሆኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስተናግዳል። ከውጭ ኤሌክትሪክ አይገባም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን የተቀላቀሉበት ሲንጋዝ ነው። በ2022 ደግሞ ይህን መሣሪያ ቀጭንና ቀላል አድርገው ሠሩትና በከተማቸው በሚያልፈው በካም ወንዝ ላይ አንሳፍፈው ሞከሩት። ምርቱ ገና ትንሽ ነው፤ ፔሮቭስካይት እርጥበት አይወድምና ዕድሜውም አጭር ነው። ቢሆንም የሚቃጠል ጋዝ ከውሃ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከብርሃን ብቻ ወጣ፤ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ረዳት ኬሚካል አልተጨመረም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ ነው፤ ለኬሚስት ግን ሀብት ነው። ጀርመኖቹ ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ በ1920ዎቹ እሱን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕደው እንደ ናፍጣ ያለ ፈሳሽ ነዳጅ መሥራት ችለዋል፤ ደቡብ አፍሪካም በዚህ መንገድ ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ ስታመርት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ብርሃኑ ስምንቱንም ኤሌክትሮን ባይሰጠን፣ ሁለቱን ሰጥቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ቢያደርሰን ይበቃል፤ ቀሪውን ኢንዱስትሪው ያውቀዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ሜታኖልን በአንድ ዝላይ ከማሳደድ ወደዚህ ማዘንበላቸው ትክክል ይመስለኛል።

ሐቁን ለመናገር፣ ከዚህ ጋር የሚፎካከር ሌላ መንገድም አለ፤ ከተራ ሶላር ፓነል ኤሌክትሪክ ወስዶ በመዳብ ወይም በብር ካታሊስት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መለወጥ። ዛሬ በብቃት የሚቀድመው እሱ ነው፤ መጀመሪያ ፋብሪካ የሚሆነውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። የዱቄቱ ተስፋ ርካሽነቱ ነው። ሽቦ የለውም፣ መሣሪያ አይበዛበትም፤ መስታወት ሥር የተዘረጋ ቀጭን ንጣፍ ሊሆን ይችላል። የጃፓኑ ካዙናሪ ዶሜን ቡድን በ2021 እንዲህ ያለ 100 ካሬ ሜትር ንጣፍ ደጅ ላይ ዘርግቶ ከውሃ ሃይድሮጅን ለወራት አምርቷል፤ ብቃቱ ቢበዛ 0.76 በመቶ ነበር። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን የሚያህል ነገር ገና አልተሠራም።

«ባትሪ እያለ ለምን ነዳጅ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለመኪና ልክ ናችሁ። አውሮፕላን ግን ሌላ ነው፤ አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ የሚይዘው ኃይል አንድ ኪሎ የሊቲየም ባትሪ ከሚይዘው 40 እጥፍ ገደማ ነው። የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ያለን፣ ነዳጃችንን ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል ከውጭ የምናስገባ አገር ነን፤ ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ሲሚንቶም አለ። 100 ኪሎ ንጹህ የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ሲገባ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ራሱ ይወጣል፤ ምድጃውን በንጹህ ኃይል ብታሞቁት እንኳ አይቀርም። በአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ብቻ ስለሆነ መሰብሰቡ አድካሚ ነው፤ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ ግን ከ15 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጭስ አንድ ቀን ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስሌቱን ልሥራላችሁ፤ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት አንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ ብቃቱ 1 በመቶ ከሆነ፣ በቀን 11 ሚሊሊትር ያህል ሜታኖል ይገኛል። ብቃቱ 10 በመቶ ቢደርስ ከ110 ሚሊሊትር በላይ። አንድ ሄክታር ላይ ሲሆን በቀን ከ1,100 ሊትር ያልፋል። የመስኩ ሰዎች ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸው በእነዚህ ሁለት ብቃቶች፣ በ1 በመቶና በ10 በመቶ፣ መካከል ያለው ርቀት ነው።

አንድ ነገር እንዳይደበቅባችሁ፤ ይህ ነዳጅ ሲቃጠል ካርቦኑ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። ከአየር የተሰበሰበ ከነበረ ሂሳቡ ዜሮ ይሆናል። ከሲሚንቶ ጭስ የመጣ ከሆነ ካርቦኑን ሁለት ጊዜ ተጠቀምንበት እንጂ አላጠፋነውም። የሰው ልጅ ከነዳጅና ከከሰል በዓመት ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ይህን ያህል ጋዝ በካታሊስት እናጥፋው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ማቃጠልን መቀነስ የሚተካው ነገር የለም።

ኬሚስትሪና ፊዚክስ የምትማሩ ወዳጆች ካላችሁ ግን ልለምናችሁ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የጨርቅ ማቅለሚያን ከፍሳሽ ውሃ ለማጥፋት በብርሃን ካታሊስት የሚሠሩ መምህራን አሉ፤ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ ያው ዱቄት ነው፣ ያው ብርሃን ነው። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትሻገሩ ከሆነም ውዱን መብራት ከመግዛታችሁ በፊት ከባዱን ካርቦን እዘዙ፤ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ጋዙንም ዘግታችሁ የምታደርጉትን ሙከራ አትዝለሉ፤ የሚወጣውን ኦክስጅንም ለኩ።